የማሞግራም ውጤትና የጡት ሕመም፦ ተጨማሪ ምርመራ ለምትጠብቅ እህት



ማሞግራም የተነሳች ሴት የምትቀበለው የውጤት ወረቀት ብዙውን ጊዜ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። መጨረሻው ላይ «ባይራድስ» የሚል ቃልና አንድ ቁጥር ይቀመጣል፤ ከሥሩ ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግ የሚያዝ መስመር ይከተላል። ሐኪሙን የምታገኘው ደግሞ በሌላ ቀጠሮ ነው። እስከዚያ ጡቷን ያማታል። ሕመሙ ቀድሞም የነበረ ይሁን ወይስ ወረቀቱን ካየች በኋላ የባሰባት፣ ለራሷም አይለይላትም።

በዚህ ጽሑፍ ያንን ወረቀትና ያንን ሕመም እናብራራለን። የምንለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ወረቀቱ ፍርድ አይደለም፤ የሚቀጥለው ምርመራ ግን መቅረት የለበትም። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሰማች እህት ወይ ያለ ምክንያት ትጨነቃለች፣ ወይ ያለ ጊዜዋ ተዘናግታ ትቀመጣለች።

ቁጥሩ የካንሰር ደረጃ አይደለም

ባይራድስ የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ ያዘጋጀው የአጻጻፍ ሥርዓት ነው። ምስሉን ያነበበው የራጅ ሐኪም ያየው ነገር ምን ያህል እንደሚያሳስብና ቀጥሎ ምን መደረግ እንዳለበት ታካሚዋን ለላከው ሐኪም የሚያስታውቅበት ነው። ከ0 እስከ 6 ይቆጠራል። በተለምዶ «ስቴጅ» የሚባለው የካንሰር ደረጃ ግን ሌላ ነው፤ ካንሰር መኖሩ በናሙና ከተረጋገጠ በኋላ በሽታው ምን ያህል እንደተስፋፋ የሚለካበት ነው። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው በቁጥር መጻፋቸው ብቻ ነው።

ይህን ማስቀደማችን ያለ ምክንያት አይደለም። ወረቀቷ ላይ 4 ቁጥር ያየች ሴት ስልኳን ከፍታ «ደረጃ 4» ብላ ስትፈልግ የሚመጣላት ወደ ሳንባና ወደ አጥንት ስለተሰራጨ በሽታ የሚያወራ ገጽ ነው። ባይራድስ 4 ማለት ግን «የሚያጠራጥር ነገር ስላየሁ ናሙና ይወሰድ» ማለት ነው። ናሙናው ሳይታይ ማንም ሰው፣ የራጅ ሐኪሙም ጭምር፣ ካንሰር ነው ወይም አይደለም ሊል አይችልም።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ፦ ማሞግራሙ ለምን ታዘዘ? በእንግሊዝ፣ በስዊድን ወይም በአሜሪካ የምትኖር እህት ምንም ሳይሰማት፣ ዕድሜዋ ስለደረሰ ብቻ ልትመረመር ትችላለች። በእንግሊዝ ከ50 ዓመት ጀምሮ በየ3 ዓመቱ ጥሪ ይላካል፤ በአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይሉ በ2024 ያወጣው ምክር ከ40 እስከ 74 ዓመት ያሉ ሴቶች በየ2 ዓመቱ እንዲነሱ ነው። በአገራችን እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ጥሪ የለም፤ ማሽኑም በአብዛኛው የሚገኘው በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ማሞግራም የምትነሳው በአብዛኛው እብጠት ያገኘች ወይም አሟት ሐኪም የላካት ሴት ናት። በውጭ አገር የሚጻፉት የሚያረጋጉ ቁጥሮች ብዙዎቹ ምንም ሳይሰማቸው ስለተመረመሩ ሴቶች ናቸው። በእጇ የሚዳሰስ እብጠት ላለባት ሴት እንዳሉ አይሠሩም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውን ቁጥሮችም በዚሁ ዓይን ተመልከቷቸው።

0 ማለት «አልተጠናቀቀም» ማለት ነው። ብዙ እህቶችን የሚያስደነግጠው፣ ከሁሉም ትንሹን ነገር የሚናገረው ቁጥር ይኸው ነው። በማሞግራም ጊዜ ጡት በሁለት ሰሌዳ መካከል ስለሚጫን፣ ጤነኛ ሥጋ በጤነኛ ሥጋ ላይ ሲደረብ ምስሉ ላይ ጓጓላ ሊመስል ይችላል። የራጅ ሐኪሙ ሌላ አቅጣጫ፣ የጎላ ምስል ወይም አልትራሳውንድ ይፈልጋል። አንዳንዴ የሚፈልገው ካለፈው ዓመት የተነሳችውን ፊልም ብቻ ነው፤ የዛሬ ሦስት ዓመትም እዚያው የነበረ፣ ያልተለወጠ ነገር ብዙ ጊዜ አያሳስብም። በአሜሪካ ለመደበኛ ምርመራ ከሚቀርቡ 100 ሴቶች 10 ያህሉ ለተጨማሪ ምስል ይጠራሉ፤ ከተጠሩት መካከል ካንሰር የሚገኝባቸው ከ10 አንድ አይሞሉም።

1 ምንም የለም፣ 2 ደግሞ ያለው ነገር ጉዳት የሌለው ነው ማለት ነው።

3 «ጉዳት የሌለው ሳይሆን አይቀርም» ማለት ነው። ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ100 ከ2 አይበልጥም። ትእዛዙም አብዛኛውን ጊዜ «ከ6 ወር በኋላ ይደገም» የሚል ነው። ከቁጥሮቹ ሁሉ በቀላሉ የሚረሳው ይህ ነው ብለን እናምናለን። አያምም፣ አያስቸኩልም፣ 6 ወር ረጅም ነው፤ በመካከል ሰርግ አለ፣ ረመዳን አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ። የ3 ቁጥር ዋጋ ያለው ግን በተባለው ጊዜ ከተደገመ ብቻ ነው፤ ነገሩ ጉዳት የሌለው መሆኑ የሚታወቀው ባለመለወጡ ነውና። ቀኑ ሲሰጣት ስልኳ ላይ ትመዝግበው፤ ለአንድ የቤት ሰውም ትንገረው።

4 በሦስት ይከፈላል። 4ኤ ላይ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ100 ከ2 በላይ እስከ 10፣ 4ቢ ላይ ከ10 በላይ እስከ 50፣ 4ሲ ላይ ከ50 በላይ እስከ 95 ነው። በአንድ ቁጥር ሥር ይህን ያህል ልዩነት ስላለ፣ ወረቀቱ «4» ብቻ የሚል ከሆነ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው። ሦስቱም ግን ናሙና ያስፈልጋቸዋል። 5 ከ100 ቢያንስ 95 ካንሰር የመሆን ዕድል ያለው ነው፤ ይህ ቁጥር ያላት እህት ቀጠሮዋ በሳምንታት እንዲራዘምባት መፍቀድ የለባትም። 6 ደግሞ ቀድሞ በናሙና ተረጋግጦ ሕክምና ላይ ላለች የሚጻፍ ነው።

ወረቀቱ ላይ ከቁጥሩ ሌላ የጡት ጥግግትን የሚያሳይ ከኤ እስከ ዲ ያለ ፊደልም ይኖራል። ኤ ማለት ጡቱ አብዛኛው ስብ ነው፤ ዲ ማለት ደግሞ በጣም የጠገገ ሥጋ ነው ማለት ነው። ሲ ወይም ዲ መሆን በሽታ አይደለም፤ በተለይ በወጣትነት የተለመደ ነው። ነገር ግን የጠገገ ሥጋም ካንሰርም ማሞግራም ላይ ነጭ ሆነው ስለሚታዩ አንዱ ሌላውን ሊሸፍን ይችላል። ብዙ ጊዜ አልትራሳውንድ የሚጨመረው ለዚህ ነው። በአሜሪካ ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለታካሚዋ የሚላከው ደብዳቤ ይህን እንዲገልጽ ሕጉ ያስገድዳል። እዚያ ላሉ እህቶቻችን «ጡትሽ የጠገገ ነው» የሚለው መልእክት ከብዙዎች ጋር የሚጋሩት ነገር እንጂ የበሽታ ማስታወቂያ አይደለም።

«ካልሲፊኬሽን» የሚለውን ቃል አይተው ወተት መጠጣት ያቆሙ እህቶች እንዳሉ ሰምተናል። የካልሲየም ነጠብጣብ ከምንበላውና ከምንጠጣው ጋር አይገናኝም። ትልልቅና የተበታተኑት በአብዛኛው የዕድሜ ወይም የድሮ ቁስል ምልክት ናቸው። በጣም ደቃቅ ሆነው አንድ ቦታ የተከማቹት ግን በጎላ ምስል መታየት፣ አንዳንዴም በናሙና መረጋገጥ አለባቸው። በነገራችን ላይ ብብት ላይ የሚቀባ ዲኦድራንትና ፓውደር በምስሉ ላይ እንዲህ ያለ ነጠብጣብ ሊመስል ይችላል፤ ለምርመራው ሳይቀቡ መሄድ ይሻላል።

ማሞግራሙ 1 ብሎ እያለ እጇ ላይ የሚዳሰስ እብጠት ያለባት ሴትስ? ጉዳይዋ አላለቀም። ማሞግራም ከ8 የጡት ካንሰሮች አንዱን ያህል ሊያመልጠው ይችላል። የሚዳሰስ ነገር ካለ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት፤ ሐኪሙ ካጠራጠረው ናሙና ይወሰዳል። ከ30 ዓመት በታች ለሆነች፣ ለእርጉዝ ወይም ለምታጠባ ሴት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው መጀመሪያ አልትራሳውንድ ነው። ማሞግራም አልታዘዘልኝም ብላ ሕክምናው እንደጎደለባት አታስብ።

ስለ ሕመሙ

የጡት ሕመም ሰው እንደሚፈራው የካንሰር ምልክት አይደለም። ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። እብጠት ሳይኖር፣ ቆዳው ሳይለወጥ፣ ከጡት ጫፍ ፈሳሽ ሳይወጣ ሕመም ብቻ ይዟቸው ሐኪም ዘንድ የቀረቡ ሴቶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ ካንሰር የተገኘባቸው ከ100 ቢበዛ 3 ያህሉ ናቸው። ይህ ለታመመችው እህት የሚያጽናና ነው። ያው እውነት ግን ሌላዋን እህት ሊያሳስባት ይገባል። «አያመኝም፣ ስለዚህ ምንም አይደለም» ብላ እብጠቷን ይዛ አንድ ዓመት ሁለት ዓመት የምትቀመጠውን ማለታችን ነው። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሁሉም ካንሰሮች በብዛት የሚገኘው ሲሆን፣ ብዙዎቹ ወደ ሆስፒታል የሚመጡት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ሕመም ያሯሯጣል፤ የማያም እብጠት ግን ቤት ያስቀምጣል። መሆን የነበረበት የዚህ ተቃራኒ ነበር።

በጣም የተለመደው ሕመም ከወር አበባ ጋር የሚመላለሰው ነው። የወር አበባ ከመምጣቱ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በፊት ይጀምራል። ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ጡት ይይዛል፤ ከላይ ወደ ውጭ በኩል ይከብዳል፣ ወደ ብብት ይዘልቃል፤ የወር አበባው ሲመጣ ይለቃል። የሚመጣው በወሩ ውስጥ ከሚለዋወጡት ሆርሞኖች ነው። ይህ ዓይነት መሆኑን ለማወቅ የተሻለው ዘዴ ቀላል ነው፦ ሁለት ወር ያህል ያመመበትን ቀንና የወር አበባ የመጣበትን ቀን አብሮ መጻፍ። ሐኪሙም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ተጨማሪ ምርመራ በምትጠብቅበት ጊዜ ሊሠራ የሚችል ጠቃሚ ሥራም ነው። መጻፉ ግን ቀጠሮውን አያዘገይም፤ ሁለት ወሩ እስኪሞላ አይጠበቅም።

ከወር አበባ ጋር የማይሄድ፣ በአንድ ጡት አንድ ቦታ ላይ የሚቆይ ሕመም ምክንያቱ ብዙ ነው። በውሃ የተሞላ ከረጢት (ሲስት) ሊሆን ይችላል፤ አልትራሳውንድ በቀላሉ ይለየዋል። የእርግዝና መከላከያ እንክብልና መርፌ፣ ለልብና ለደም ግፊት የሚሰጠው ስፓይሮኖላክቶን፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶችም ጡትን ሊያሳምሙ ይችላሉ። እነዚህን ለሐኪም መንገር እንጂ በራስ ማቆም አይገባም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ ከጡቱ ሳይሆን ከጡቱ ሥር የሚመጣ ሕመም ነው። የጎድን አጥንት ከደረት መሐል አጥንት ጋር የሚገናኝበት ልምልም አጥንት ሲቆጣ፣ ወይም የደረት ጡንቻ ሲደክም፣ ሴቲቱ የሚሰማት ጡቷን እንዳመማት ነው። ልጅ ስታዝል የምትውል፣ ውሃ የምትሸከም፣ በእጇ ልብስ ስታጥብ የምትቆይ እናት ይህን ታውቀዋለች። በጎን ተኝታ ጡቱ ወደ ሌላው ወገን ሲንሸራተት የጎድን አጥንቱን በጣት ስትጫነው ያው ሕመም ከተነሳ፣ ምንጩ ደረት ሊሆን እንደሚችል ለሐኪሟ ትንገር። ደረትን ጨምቆ የሚይዝ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ያለበት ሕመም ግን የጡት ጉዳይ አይደለም፤ በአስቸኳይ ወደ ድንገተኛ ክፍል ያስኬዳል።

የምታጠባ እናት ጡቷ ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ከያዛት የጡት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። አካባቢው «ምች ነው» ብሎ ቅጠል ሊያሻላት ይሞክራል። ሐኪም ልታይ ይገባል፤ ማጥባቷን ግን አታቁም፣ ወተቱ መውጣቱ ይረዳታልና። መግል ከያዘ መውጣት አለበት። እዚህ ላይ የምናሰምርበት አለ፦ በመድኃኒት ያልተሻለ መቅላትና ማበጥ፣ በተለይ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቀዳዳ ቀዳዳ ካለ፣ እንደገና መታየት አለበት። በኢንፌክሽን መልክ የሚመጣ፣ በፍጥነት የሚያድግ የካንሰር ዓይነት አለ። ያጠባች አላጠባች «ኢንፌክሽን ነው ተብያለሁ» ብላ መቀመጥ የለባትም።

እስከ ቀጠሮው ሕመሙን ለማስታገስ፦ በልክ የሆነ፣ በደንብ የሚደግፍ ጡት መያዣ ብዙዎችን ይረዳል፤ ሕመሙ በሚበረታበት ሰሞን ሌሊትም ቢደረግ ይቻላል። ፓራሲታሞል በወረቀቱ በተጻፈው መጠን፣ ወይም የዲክሎፌናክ ቅባት በሚያመው ቦታ ላይ ይሠራል። አይቡፕሮፌን ጨጓራ ወይም ኩላሊት ለሚያማትና ለእርጉዝ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሆንም። ዲክሎፌናክ በቅባት መልክም ቢሆን ለእርጉዝ ሐኪም ሳይጠየቅ አይቀባም። ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ የትኛው እንደሚስማማት ራሷ ሞክራ ታውቀዋለች። ቡና መተው ይረዳል የሚለው ነገር በጥናት አልጸናም፤ ስለዚህ ሦስቱን ስኒ ለማስተው አንደፍርም። ከማሞግራሙ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ጡቱ ቢያማት በመጫኑ ነው። መጫኑ ያለውን ነገር አያሰራጭም፣ የሌለውንም አያመጣም።

ሐበተ ሰውዳ፣ ማር፣ ሩቅያና ዱዓ ከእጃችን የማይለዩ ናቸው፤ የታመመችን እህት ከነሱ የሚከለክል የለም። ችግር የሚሆነው የምርመራውን ቦታ ሲይዙ ነው። መታከም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያዘዙት ነገር ነው፤ ሰብር ማድረግና ቀጠሮ ማክበር አብረው ይሄዳሉ። እብጠት ላይ የሚታሰር፣ የሚተኮስ ወይም ቆዳ የሚያቃጥል ነገር ግን አንመክርም። ቁስሉ ሐኪሙ ማየት ያለበትን ነገር ይሸፍናል።

ቀጠሮዋ ገና ቢሆንም እንኳ ሳትጠብቅ መሄድ ያለባት መቼ ነው? አዲስ እብጠት በጡቷ ወይም በብብቷ ካገኘች፤ የጡት ቆዳ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ከጨማደደ፤ ቀድሞ ወጥቶ የነበረ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ከተመለሰ፤ ሳይጨመቅ ከአንድ ጡት ፈሳሽ፣ በተለይ ደም የመሰለ ከወጣ፤ የጡት ጫፉ ላይ የማይድን ቁስል ወይም ቅርፊት ካለ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ስልክ ደውላ «ቀጠሮዬን አቅርቡልኝ» ማለት መብቷ ነው።

መርፌው፣ ሐያእና ጾም

ቀጣዩ ምርመራ ናሙና ከሆነ በአገራችን ሁለት ዓይነት በብዛት ይሠራል። አንዱ በቀጭን መርፌ ሕዋስ መሳብ ነው፤ «ኤፍ ኤን ኤ» ይሉታል። ሌላው ኮር ባዮፕሲ ነው፤ በወፍራም መርፌ ቀጫጭን የሥጋ ቁራጮች ይወሰዳሉ። ለኮር ባዮፕሲ ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል፤ መጫን ይሰማታል እንጂ ብዙ አያምም። ወደ ቤቷም በዚያው ቀን ትመለሳለች። ጥቂት ቀን ይጠቁርባታል፣ ይታመማታል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ አስቀድማ ትናገር። የኮር ባዮፕሲ ጥቅሙ ካንሰር ከተገኘ ለሆርሞን መድኃኒት የሚመልስ ዓይነት መሆን አለመሆኑን ከዚያው ናሙና መመርመር መቻሉ ነው። ሕክምናው የሚመረጠው በዚህ ስለሆነ «የትኛው ነው የሚሠራልኝ?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው።

«ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለውን ፍርሃት ያልሰማ የለም። ብዙ እህቶችን ከመርፌው ያስቀራቸው ይህ ወሬ ነው። ወሬው የሚመነጨው ሰዎች ካዩት ነገር ነው፦ እገሊት መርፌ ተወጋች፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተች። ያላዩት ግን መርፌው ጋ ስትደርስ በሽታው ምን ያህል ገፍቶ እንደነበር ነው። ናሙና በዓለም ዙሪያ ለጡት እብጠት የተለመደ ምርመራ ነው፤ በመርፌ የተመረመሩ ሴቶች በዚያ ምክንያት ዕድሜያቸው አላጠረም። የሚያሳጥረው ሳይታወቅ የሚቆየው በሽታ ነው። በአሜሪካ ደግሞ የጡት ናሙና ከተወሰደላቸው 5 ሴቶች 4 ያህሉ ካንሰር የለባቸውም፤ መርፌው ለብዙዎች ነፃ የሚያወጣ ነው።

ሁለተኛው መሰናክል ሐያእ ነው። ሴት ሐኪም መጠየቅ መብት ነው፤ ማሞግራም የምታነሳው ባለሙያ ሴት እንድትሆን ቀጠሮ ሲያዝ ቀድሞ መናገር ይቻላል። ሴት ባለሙያ ካልተገኘችስ? ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ፣ ቅድሚያው ለሴት ሐኪም መሆኑን ጠቅሶ፣ ካልተገኘች ወንድ ሐኪም ማከም እንደሚችል ገልጿል። የሚታየው ለሕክምናው የሚያስፈልገው ብቻ እንዲሆን፣ መሕረም፣ ባል ወይም የምትታመን ሴት አብራ እንድትገኝም አሳስቧል። እንግዲህ እህታችን እናቷን ወይም ጓደኛዋን ይዛ ትግባ። ሴት ሐኪም እስክትገኝ ተብሎ ወራት የሚያልፍበት ሁኔታ ግን ከዚህ ውሳኔ ጋር የሚሄድ አይመስለንም።

ረመዳንም እንዲሁ ምክንያት ይሆናል። ይኸው አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ጾምን ስለሚያፈርሱ የሕክምና ነገሮች ሲወስን፣ ምግብነት የሌላቸው የቆዳና የጡንቻ መርፌዎችን፣ እንዲሁም ፈሳሽ ሳይሰጥ ናሙና መውሰድን ጾም ከማያፈርሱት ጋር ቆጥሯቸዋል። ማሞግራምና አልትራሳውንድ ከውጭ የሚታዩ ስለሆኑ ጥያቄም አያስነሱ። ልቧ ያልረጋ የአካባቢዋን ዓሊም ትጠይቅ፤ ቀጠሮዋን ግን ለዒድ ማግስት አታስተላልፍ።

ስንት ቀን ይጠበቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባስጀመረው የጡት ካንሰር ንቅናቄ አገሮች እንዲደርሱበት ያስቀመጠው ግብ፣ ሴቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ካየችበት ቀን አንስቶ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ ነው። ማሞግራሙ፣ አልትራሳውንዱ፣ ናሙናውና የፓቶሎጂ ውጤቱ ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው። የእኛን አገር ሰልፍ ለሚያውቅ 60 ቀን አጭር ይመስላል። መለኪያ ሆኖ ግን ይጠቅማል፦ የመጀመሪያዋን ቀን ትጻፍ፤ አንድ ወር አልፎ ገና አልትራሳውንድ ካልደረሰች፣ ሌላ ቦታ መጠየቂያው ጊዜ ነው። ጥቂት ሳምንት መጠበቅ በአብዛኛው የሚያመጣው ለውጥ የለም። ጉዳት የሚያመጣው ወራት ሲደራረቡ ነው።

ጊዜ የሚበላው ብዙ ጊዜ በሽታው ሳይሆን ወረቀት ነው። በጤና መድን የምትታከም እህት ያለ ሪፈር ከሄደች ትመለሳለች፤ ሪፈሩ ላይ የባይራድሱ ቁጥር በግልጽ መጻፉን ትይ። ከክልል ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ጳውሎስ የምትላክ ሴት የምስሉን ፊልም ወይም ሲዲ ካልያዘች እንደገና ከፍላ ልትነሳ ትችላለች፤ የወረቀቱ ሪፖርት ብቻውን አይበቃም። የናሙናው ብልቃጥ በቤተሰብ እጅ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ የሚወሰድ ከሆነ ስሟና የተወሰደበት ጡት፣ ቀኝ ወይም ግራ፣ መጻፉን ከመውጣታቸው በፊት ያረጋግጡ።

በገልፍ አገሮች ሠርተው የሚመለሱ እህቶችም ይህን ልብ ይበሉ። እዚያ የተነሱትን ማሞግራም በሲዲ ሳይቀበሉ እንዳይመጡ። ከላይ እንዳልነው የድሮ ምስል መኖሩ ብቻውን 0ን ወደ 2 ሊቀይረው ይችላል። በአሜሪካ ያሉት ደግሞ ተቋሙ ውጤታቸውን በቀላል ቋንቋ ጽፎ በ30 ቀን ውስጥ እንዲልክላቸው በሕግ መገደዱን ይወቁ። ደብዳቤ አልመጣም ማለት ደህና ነኝ ማለት አይደለም፤ ደውሎ መጠየቅ ነው። ቋንቋው ካስቸገረ አስተርጓሚ ይጠየቃል፤ ልጅን ለእናቱ እንዲህ ያለ ነገር ማስተርጎም ለሁለቱም ይከብዳል።

ለባሎችና ለወንድሞች የምንለው ጥቂት ነው። ቀጠሮው ቀን አብራችሁ ሂዱ፣ የትራንስፖርቱንና የላቦራቶሪውን ወጪ ቀድማችሁ አዘጋጁ፣ ውጤቱን ከእሷ ደብቃችሁ እናንተ ብቻ አትስሙ። «እንዳትደነግጥ» ተብሎ የተደበቀባት ሴት ቀጣዩን ቀጠሮ ለምን መሄድ እንዳለባት አታውቅም።

የናሙናው ውጤት ሲመጣ ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ይነበባሉ፤ የምስሉና የፓቶሎጂው። ሁለቱ መስማማት አለባቸው። ምስሉ 4ሲ ወይም 5 ብሎ ናሙናው «ምንም የለም» ካለ፣ መርፌው ትክክለኛውን ቦታ ላያገኘው ስለሚችል ናሙናው መደገም ወይም በቀዶ ጥገና መወሰድ ይኖርበታል። በቀጭን መርፌ የተወሰደ ናሙና «በቂ አይደለም» ተብሎ ከተመለሰም እንደገና ይወሰዳል፤ ነፃ ናት ማለት አይደለም። ሁለቱ ከተስማሙና ጉዳት የሌለው ከሆነ ደግሞ ሐኪሟ ቀጣዩ ምስል መቼ እንደሆነ ይነግራታል። ያንን ቀን ሳታስጽፍ ከክፍሉ አትውጣ።